የግራ ጆሮዬ ቅኝት

ጥቅምት 2

ዝናብ። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ቀሩ። ዝናብ ከከበሮ የሚያስቀራቸው ከሆነ ቤታቸው ይቀመጡ።

ጥድፊያ እንደ ልማዷ ቀድማ መጥታ በሩ ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ስትመታ ከምቱ ቀድማ ትሄዳለች። ሠላሳ ሊሞላት ነው። ጠዋት አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች፣ ከሥራ ስትወጣ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ዛሬም ማን እንደሚያሳድዳት ጠየቅኳት። «እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። ተማሪ ፊት መሳቅ አልወድም።

ራት ላይ እህቴ ማንኪያዬን ነጠቀችኝ። የሳህኑን ጠርዝ እየመታሁ ኖሯል። «እትዬ፣ ሾርባው ምን በደለሽ?»

እውነቷን ነው። እጄ አላርፍ ብሏል። እግሬም ከጠረጴዛው ሥር ፔዳል ይፈልጋል። ከኦርኬስትራው ጡረታ ከወጣሁ ይኸው ስንት ዓመት ሆነኝ… አሁን ምን ያቅበጠብጠኛል?

ጥቅምት 5

የበራችን ደወል ተበላሽቷል። ሁለት ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ። እህቴ ደህና ነው አለች። እሷ ድሮም ከዘፈን የምታውቀው ግጥሙን ብቻ ነው።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ፒያኖም ከቅኝቱ ወጥቷል። ቃኚው ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ሳይሰማው «እርስዎ ካሉ እንደገና ይጠራል» አለኝ። ጠርቶት ሰውየው መጣ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ፣ ምንም አላገኘሁም ብሎ ሄደ። ሰነፍ።

ጥቅምት 9

የኦርኬስትራው መሪ ቤቴ መጣ። አልደወለም፣ ራሱ መጣ። ተማሪዬ ነበር። ሁለቱን ዱላ ጥሎ በአንዲት ቀጭን ዘንግ ረክቶ የቀረ ልጅ። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፣ እኔ ፊት ግን አሁንም እጁን ኪሱ አይከትም።

የቲምፓኒ ተጫዋቹ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ ወደቀ፣ የእጁ አንጓ ተሰበረ። ትልቁ ዝግጅት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ተተኪ የለውም። አንገቱን ደፍቶ ለመነኝ።

የሚጫወቱትን ሥራ አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሁሉም ዝም ይላል። የሚቀሩት ግዙፎቹ ባለ ክር ድርብ ባሶችና የእኔ ከበሮዎች ብቻ ናቸው፣ በለሆሳስ ይነጋገራሉ። ቲምፓኒ እንደ ሌላ ከበሮ ዝም ብሎ አይመታም። ኖታ አለው። ቆዳውን በእግር ፔዳል እየወጠሩና እያላሉ ይቃኙታል፣ ያውም ኦርኬስትራው እየተጫወተ። እስክትሰሚ ድረስ ቆሞ የሚጠብቅሽ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ቅኝቱ ፀጉር ያህል ከሳተ አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል።

«ላስብበት» አልኩት።

ምን የሚታሰብ ነገር አለው? በሩን በቅጡ ሳልዘጋ መምቻዎቼን ፍለጋ አልጋ ሥር ገባሁ።

ጥቅምት 10

እሺ አልኩት። ደስታው ከስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ዕድሜ ልኳን ምት ስትቆጥር ለኖረች ሴት… ሰዓት። አመስግኜ ተቀበልኩ። እንደ ሰው «በቃኝ» ሳልል ነበር ያስወጡኝ፣ ዕድሜሽ ደርሷል ብለው። ያን ቦታ አንዴ፣ አንዴ ብቻ በራሴ ፈቃድ ልተወው ነው የምፈልገው። ሌላ ነገር አልፈልግም።

ቁጭ ብዬ ሳስበው ምን ያልመታሁት አለ? ስኔሩን፣ ትንሹን ከበሮ፣ ወገቤ ላይ አንጠልጥዬ ከሰልፈኛ ባንድ ጋር ስሄድ ጫማዬ ተበስቶ ነበር። ሆቴል ውስጥ ለዳንሰኞች ድራም ተጫውቻለሁ፣ ዳንሰኞቹ ወንድ መስያቸው። ለራዲዮ የልጆች ዝግጅት ዛይሎፎን፣ ለቴያትር ቤት በቆርቆሮ ነጎድጓድ፣ በእንጨት የፈረስ ኮቴ። ከዚያ ኦርኬስትራው። ከዚያ ማስተማሩ፣ እስከ ዛሬ። ይህን ለራሴ ሳጉተመትም ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል መሰለኝ፣ «ምን ያልመታሁት አለ?» ስል እህቴ ከማድ ቤት «ባል» አለችኝ።

አስተማሪዬ ትዝ አሉኝ። መጀመሪያው ዓመት ላይ ከበሮ ማየት እንጂ መንካት የለም፣ ልምምዱ ጎማ ላይ ነው። ትከሻ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ከመጀመሪያው። ቲምፓኒ ያሳዩኝ ቀን ጎንበስ ብለው የግራ ጆሯቸውን ቆዳው ላይ አስጠጉት፣ የሚስሙት ነበር የሚመስለው። ግራው ለከበሮሽ፣ ቀኙ ለኦርኬስትራው አሉኝ። ግራ ጆሮሽ የግልሽ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲያ ነው የሠራሁት። ተማሪዎቼንም ያስተማርኩት እንዲያ ነው።

ጥቅምት 16

የመጀመሪያው ልምምድ። ስገባ ተጫዋቾቹ ብድግ ብለው ቆሙ። ሐውልት የሆንኩ መሰለኝ። ተቀመጡ አልኳቸው።

ትልቁን ከበሮና ሲምባሉን፣ የሚጋጩትን የናስ ሳህኖች፣ የሚይዝ ሰው ጎድሎ ነበር፣ ጥድፊያን አስገባኋት። አጠገቤ ቆማ ትንፋሿ ይሰማኛል።

እጄ ታዘዘኝ። እንዳልተለያየን። ሦስተኛው ክፍል ላይ ለስላሳውን መምቻ ይዤ ገባሁ፣ ለእኔ ማር ነበር። መሪው «በጣም ጥሩ ነው፣ መምህር» አለ።

ግን አንድ ነገር… የባሶቹ አለቃ፣ ያ ቀጭኑ ባለ መነጽር፣ እኔ ስመታ ጫማውን ያያል። ኖታው ያለው ፊት ለፊቱ ነው። ጫማው ላይ ምን አለ?

ጥቅምት 19

ጥድፊያ ከትምህርት በኋላ ቆየችና፣ እየተርበተበተች፣ ባለፈው ልምምድ «ፋ»ዬ ትንሽ አልወረደም ወይ አለችኝ።

ስለ ቅኝት ለመናገር ገና ነሽ አልኳት። በዚያው ወደ ልምምድ ጎማው መለስኳት።

ጥቅምት 23

ሁለተኛው ልምምድ። ፔዳሉ የተውኩበት ቦታ ላይ አይደለም። መምቻ ልቀይር ዞር ብዬ ስመለስ ወደ ፊት ሄዶ አገኘዋለሁ። አንዴ ቢሆን ተሳስቻለሁ እል ነበር። እግር አይረሳም።

የአዳራሹን ጠጋኝ አስጠራሁት። ከሥሩ ገብቶ ብሎኑን ሁሉ ነካካ። እንደ አለት ነው፣ ንቅንቅ አይልም አለኝ።

ታዲያ ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው?

ጥቅምት 30

አገኘኋት።

ለስላሳውን መምቻ ላነሣ ዞርኩ፣ ግን አላነሣሁም፣ በትከሻዬ ላይ መለስ ብዬ አየሁ። የጥድፊያ ጫማ ጫፍ ፔዳሌ ላይ ነበር። ቀስ አድርጋ ወደ ፊት ገፋችው፣ እግሯን መለሰች፣ ፊቷን ወደ መሪው አዞረች። እንደ ሌባ።

ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅሁ። ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

«እግርሽ የማን ከበሮ ላይ ነበር?»

«ይቅርታ መምህር።»

«ይቅርታ አልጠየቅሁሽም። ምክንያት ነው የጠየቅሁሽ።»

ወለሉን ታያለች። የገረመኝ አለማልቀሷ ነው። ከነገ ጀምሮ ወደ ትምህርቱም ወደ ልምምዱም እንዳትመጣ ነገርኳት። ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። ስትሄድ አልተጣደፈችም።

ኅዳር 2

ቤቱ ጠበበኝ። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። እህቴ ምንጣፉ አለቀ አለች።

ነገርኳት። ድፍረቷ ነው ያበሸቀኝ አልኳት። የሌላ ሰው ፔዳል መንካት የሌላ ሰው አፍ ውስጥ ማንኪያ እንደ መክተት ነው።

«እዚያች ልጅ ላይ ድፍረት?» አለች። «እዚህ ቤት ስትመጣ ውኃ ለመጠጣት እንኳ ያንቺን ፊት የምታየዋ?»

ከዚያ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። እኔ ግን አልቀጠልኩም። የምትፈራ ልጅ ምን ቢያስገድዳት ነው…

ኅዳር 3

ጥድፊያ ስለ «ፋ»ዬ ያለችው ልክ እንዳልነበረ ላረጋግጥ ተነሣሁ። መቃኛ ሹካዬን፣ አንድ ኖታ ብቻ የሚያወጣውን፣ ከሳጥኑ አወጣሁ። ጉልበቴን መታሁበትና ወደ ግራ ጆሮዬ አስጠጋሁ። ወደ ቀኝ አዞርኩት።

ሁለት ድምፅ።

እንደገና መታሁ። ግራ። ቀኝ። በግራው ከፍ ይላል። ብዙ አይደለም፣ ለተራ ሰው ምንም ነው። ለእኔ ግን ሌላ ሹካ ነው። ሹካ ደግሞ አይወጣም፣ አይወርድም። ብረት ነው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ደወሉ ደህና ነው። ፒያኖውም ደህና ነው። የግራ ጆሮዬ ከበሮዬን ከፍ አድርጎ ስለሚነግረኝ እኔ ዝቅ አደርገዋለሁ። ቀኙ ኦርኬስትራውን በትክክል ይሰማል። ስለዚህ ከኦርኬስትራው ሥር ወርጄ ስመታ ነበር፣ «ማር ነው» እያልኩ። ያቺ ልጅ ደግሞ ፔዳሉን በእግሯ እየገፋች ታነሣኝ ነበር።

እህቴ ሻይ አምጥታ ሹካውን አየች። ኩባያውን አጠገቤ አኖረችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ኅዳር 5

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። እማማ ይለኛል። መምህር ነኝ ብለውም አልገባው። ጆሮዬን በመሣሪያ አየ፣ ድምፅ አሰማኝ፣ ቁልፍ አስነካኝ። የግራው ከፍ አድርጎ ይሰማል፣ ዕድሜም ነው፣ ያ ሁሉ ከበሮም አለበት አለ። ይመለሳል ወይ? ላይመለስ ይችላል።

«ለወሬ ግን ምንም አይጎድልብዎትም፣ እማማ።»

ለወሬ አልነበረም የምፈልገው።

ታዲያ ለመሪው ልንገረው? ብነግረው ከቦታው ይነሡ ይለኛል። ሁለተኛ ልነሣ? አሁንም ያለ ፈቃዴ? ቀኝ ጆሮ አለኝ። ሌላው ቢቀር ልሞክር።

ኅዳር 7

ግራ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቅሁ። ቀኙን ወደ ቆዳው ለማስጠጋት እንደ ዶሮ አንገቴን ጠመዘዝኩ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ይሠራል። ኦርኬስትራው ሲነሣ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጆሮ ይጎርፋል፣ ከበሮዬን ከቫዮሊኑ መለየት አቃተኝ። ኖታ መቀየሪያው ደረሰ፣ ፔዳሉን ገፋሁ፣ የት እንዳደረስኩት አላውቅም። መታሁ። የባሶቹ አለቃ ጫማውን አየ።

መሪው «በጣም ጥሩ ነው፣ መምህር» አለ።

ሁሉም ሲወጡ ጠራሁት። ጥጡን አወጣሁና መዳፌ ላይ አሳየሁት።

«ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። ለተበላሸ ነገር ጥሩ ነው በል ብዬ አስተማርኩህ?»

ዘንጉን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ አወጣው። «እርስዎን ማን ይናገርዎታል?» አለኝ። በንዴት አልነበረም። ጨንቆት ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ልጅቷ የነበረች ጊዜ ይሻል ነበር አለ። ሁሉም አይቷት ኖሯል። ጠቅላላ ኦርኬስትራው። እግሯን እያዩ፣ ጫማቸውን እያዩ፣ ለእኔ ክብር ሲሉ ዝም።

ይህን ያህል አስፈሪ ነኝ?

ኅዳር 8

ምንም።

ኅዳር 10

አፀደ ሕፃናቱ ጋ ሄድኩ። አስቀድሜ ብናገር ትደበቅብኛለች ብዬ ሳልናገር ነው የሄድኩት።

በመስኮት አየኋት። ልጆቹን ክብ አስቀምጣ የቀለም ቆርቆሮ አስይዛቸዋለች። አንዷ ሕፃን ሁሉንም ቀድማ ትመታለች። ጥድፊያ አጠገቧ ተንበርክካ፣ እጇን ሳትይዝ፣ አብራት ተነፈሰች። ሕፃኗ ዘገየች። እኔ እንዲህ አድርጌ አላስተማርኳትም። ከየት አመጣችው?

ልጆቹ ለመክሰስ ሲወጡ ገባሁ። ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። እሷ ቆማ ቀረች። ስለ ጆሮዬ ነገርኳት፣ ስለ ሹካው፣ ስለ ሐኪሙ። አፏን በእጇ ያዘች።

ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም አልኳት።

«ነግሬዎት ነበር እኮ። ጎማ ላይ መለሱኝ።»

እውነት ነው። ቀጠለች፤ «ከዚያ በኋላ ዝም ልል ነበር። ጆሮዬ አላስችል አለኝ። ስህተት ሰምቶ ዝም ያለ አብሮ አጥፍቷል የሚሉን እርስዎ ነዎት።»



ቲምፓኒውን ያዢ አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ እጣደፋለሁ አለች፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሁሉን አበላሻለሁ፣ ይሳቅብኛል፣ ደግሞስ ቦታው የእርስዎ አይደለም ወይ? ትልቁን ከበሮና ሲምባሉን እኔ እይዛለሁ አልኳት። አጠገብሽ ነኝ። ቅኝቱን አንቺ ስሚው። የምቱን ጊዜ ለእኔ ተይልኝ፣ እሱ ጆሮዬ ውስጥ አይደለም ያለው።

«ብቀድምስ?»

«ከእኔ አጠገብ የትም አትሄጂም።»

ሳቀች። እኔም… ተማሪ ፊት።

ከትንሿ ወንበር ለመነሣት እጇን ያዝኩ። ብቻዬን አልችልም ነበር።

ኅዳር 14

አዲስ አቋቋም። ስገባ ወደ ቲምፓኒው ሳልሄድ ወደ ትልቁ ከበሮ አለፍኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ምክንያቱን ራሴ ነገርኳቸው፣ ቆሜ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። የግራ ጆሮዬ ከቅኝት ወጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ስሳሳት የሰማ ይናገር።

 ከደቂቃዎች በኋላ የባሶቹ አለቃ እጁን አወጣና ሲምባሌ ትንሽ እንደዘገየ ነገረኝ። አልዘገየም ነበር። ቢሆንም አመሰገንኩት፣ ማረም ጀምረዋልና።

እግሬ አሁንም ፔዳል ይፈልጋል። ዝም በል አልኩት።

ኅዳር 20

ጥድፊያ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሁለቴ ቀደመች። ቤት ሄጄ አልተኛሁም። ልክ አድርጌ ይሆን? ወይስ ኩራቴን በሌላ ኩራት ቀየርኩት፣ እዩኝ እንዴት ለተማሪዬ ለቀቅኩ የሚል? ኦርኬስትራው በእሷ ቢወድቅ የምወድቀው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። ይህን አስቤበታለሁ?

ኅዳር 28

አለፈ። ሳልተኛ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እህቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ገና ከመጀመሩ አጨበጨበች። ብቻዋን።

የሲምባል ሥራ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። አብዛኛው መጠበቅ ነው። ቆመሽ ዝም እያልሽ ትቆጥሪያለሽ፣ አንዴ ታጋጫለሽ፣ እንደገና ትቆጥሪያለሽ። ቁጥሩ ከጠፋብሽ ከሁሉም ፊት ብቻሽን ትጮሂያለሽ። አልጠፋብኝም።

ሦስተኛው ክፍል መጣ። ሁሉም ዝም አለ። ባሶቹ ገቡ። ጥድፊያ ጎንበስ ብላ ግራ ጆሮዋን ቆዳው ላይ አደረገች፣ ፔዳሉን ነካች፣ ቀና አለች። መምቻውን ስታነሣ ትከሻዋ ሲቸኩል አየሁት። ልትቀድም ነው። መናገር አይቻል፣ መንካት አይቻል። በአፍንጫዬ ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ፣ እንድትሰማው። ቆመች። አብራኝ ተነፈሰች። ከዚያ መታች።

ለእኔ ጎምዛዛ ነበር። ከፍ ያለ። ውስጤ ዝቅ አድርጊው አለኝ፣ በሙሉ ድምፁ። ጆሮዬን ትቼ የባሶቹን አለቃ አየሁት። ቀና ብሏል። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ አለ። ቀጥሎ ያለውም ቀና ብሏል።

የእነሱን ፊት አመንኩ።

ከመድረክ ጀርባ ጥድፊያ ላብ በላብ ሆና መጣች። «መምህር፣ ቅኝቱ እንዴት ነበር?»

«አላውቅም» አልኳት።

ለተማሪ ይህን ቃል ተናግሬ አላውቅም። አንቺ ነሽ የምታውቂው አልኳት። ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ ሳታስፈቅድ አቀፈችኝ። ሲምባሎቹ በመካከላችን ነበሩ፣ ተንቋቁ።

እህቴ ስንወጣ፣ «ያቺ አጠገብሽ የነበረችው ልጅ ጎበዝ ናት» አለች። ከዘፈን ግጥሙን ብቻ ነው የምታውቀው ብዬ ነበር።

ታኅሣሥ 4

ዛሬ አዲሶቹ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቲምፓኒ ፊት ቆሙ። እንዴት እንደሚጎነበሱ አሳየኋቸው። የትኛው ጆሮ ለከበሮው እንደሚሰጥ ግን አልወሰንኩላቸውም፤ ሁለቱንም በሹካ ፈትሹ አልኳቸው፣ በየጊዜው።

ከዚያ ጥድፊያን ከከበሮው ማዶ አቆምኳትና እኔ ራሴ ቃኘሁ፣ ተማሪዎቹ እያዩ። መታሁ።

«ከፍ ይበል» አለች።

ገፋሁ። «አሁንስ?»

«ገና ነው፣ መምህር። ትንሽ።»

አንዷ ተማሪ ዓይኗን አፈጠጠች፤ እኔን የሚያርም ሰው አይታ አታውቅም። ገፋሁ።

«እዚያ ላይ ይቁም።»

ለእኔ አለቅጥ ከፍ ብሏል። እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁና እንደዚያው ተውኩት።